በደም የመጣ አደራ

«የአባት ዕዳ ለልጅ፣ የአፍንጫ እድፍ ለእጅ» ይላሉ አበው። ተረቱን ስንሰማ ፈገግ እንላለን እንጂ በውስጡ ያለው ጥያቄ ቀላል አይደለም። ያልተበደርኩትን ለምን እከፍላለሁ? ሳልመርጠው የደረሰኝ ነገር በእኔ ላይ ምን መብት አለው? ስማችንን፣ ቋንቋችንን፣ የአፍንጫችንን ቅርጽ ሳንጠየቅ ተቀብለናል። መሬት የወረሰ ያርሳል፤ ዕዳ የወረሰ ይከፍላል ወይም ይከራከራል። በሽታ የወረሰስ ምን ያደርጋል?

ውድ ወጣቶች፣ በዚህ ጽሑፍ አብረን እንድናስብበት የምፈልገው ጥያቄ ይህ ነው፦ በውርስ የመጣ ሕመም ያለበት ሰው ጥፋት የለበትም ካልን፣ ኃላፊነትም የለበትም ማለት ነው? ጥያቄው በአየር ላይ ተንሳፍፎ እንዳይቀር አንድ የታወቀ ሕመም ይዘን እንነጋገር።

ቤቱን የሚያስረው ልጥ

የጭቃ ቤት ሲሠራ ያየ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። ምሰሶው ወፍራም፣ ማገሩም ቀጥ ያለ ሊሆን ይችላል። ማገሩን ከቋሚው ጋር የሚያስረው ልጥ ከላላ ግን ቤቱ ቀስ በቀስ ይዘማል። በሰውነታችንም ውስጥ እንዲሁ የሚያስር ነገር አለ። ሐኪሞች አያያዥ ሕብረ ሕዋስ ይሉታል። አጥንትን ከአጥንት ያገናኛል፣ የዓይንን ሌንስ በቦታው ይይዛል፣ የደም ቧንቧን ግድግዳ ያጠነክራል።

ይህ ማሰሪያ በውርስ የሚላላባቸው ሕመሞች በርካታ ናቸው። ከሁሉ ይልቅ ከሚታወቁት አንዱ ማርፋን ሲንድረም ይባላል። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1896 ጣቶቿና እግሮቿ ከተለመደው የረዘሙና የቀጠኑ አንዲት የአምስት ዓመት ልጅ አይቶ ከጻፈው ፈረንሳዊው የሕፃናት ሐኪም አንቷን ማርፋን ነው። ምክንያቱ ግን እስከ 1991 አልታወቀም ነበር። በዚያ ዓመት ተመራማሪዎች ፋይብሪሊን የተባለውን ፕሮቲን የሚሠራው ዘረ መል ላይ ስሕተት እንዳለ አገኙ። በግምት ከ5,000 ሰዎች አንዱ ይህ ሕመም አለበት፤ ወንድ ሴት፣ ጥቁር ነጭ ሳይል።

ከውጭ የሚታዩ ምልክቶች አሉት። ቁመት ይረዝማል፤ እጅ ወደ ጎን ሲዘረጋ ከቁመት ይበልጣል፤ ጣቶች ይረዝማሉ፤ ደረት ወደ ውስጥ ይገባል ወይም ወደ ውጭ ይወጣል፤ የጀርባ አጥንት ይጣመማል፤ እግር ጠፍጣፋ ይሆናል፤ ዓይን ከሩቅ አያይም፤ ሌንሱም ከቦታው ሊንሸራተት ይችላል። ረጅምና ቀጭን ሰው ሁሉ ማርፋን አለበት ማለት ግን አይደለም። ስለዚህ ይህን አንብባችሁ በመዘምራኑ መካከል የምታውቁትን ረጅም ልጅ በዓይናችሁ አትመርምሩ።

አደጋው ያለው በማይታየው ቦታ ነው። ከልብ የሚወጣው ትልቁ የደም ቧንቧ፣ አኦርታ፣ ከእያንዳንዱ የልብ ምት ጋር ይገፋል። ግድግዳው ደካማ ከሆነ ብዙ ጊዜ እንደተጎተተ ላስቲክ ቀስ በቀስ ይሰፋል። ሲሰፋ አያምም፤ ብዙውን ጊዜ ምንም ስሜት የለውም። ከዚያ አንድ ቀን የውስጠኛው ንጣፍ ይቀደድና ደሙ በግድግዳው ንጣፎች መካከል ይገባል። በዚያ ሰዓት ደረትን ወይም ጀርባን የሚሰነጥቅ ድንገተኛ ሕመም ይመጣል። ያኔ ወደ ሆስፒታል የሚኬደው ነገ ሳይሆን አሁኑኑ ነው።

ማን አጠፋ?

እንዲህ ያለ ሕመም በአንድ ቤት ሲገኝ መጀመሪያ የሚጠየቀው ጥያቄ «ምን እናድርግ?» ሳይሆን ብዙ ጊዜ «ከማን መጣ?» ነው። የአባት ወገን ወደ እናት ወገን ይጠቁማል፤ የእናት ወገን ወደ አባት። በመጨረሻ ነገሩ ብዙውን ጊዜ እናት ላይ ያርፋል። በእኛ አብያተ ክርስቲያናት ደግሞ ሌላ መልክ ይይዛል። ሕመሙ ከቤተሰብ እርግማን ይቆጠርና በአያት የተሠራ ኃጢአት ይፈለጋል።

ሥነ ሕይወት የሚለውን እንስማ። ማርፋን ካለበት አባት ወይም እናት የሚወለድ እያንዳንዱ ልጅ ሕመሙን የመውረስ ዕድሉ 50 በመቶ ነው። ሳንቲም ወደ ላይ እንደ መወርወር ነው፤ ዘውድ ወይም ጎፈር። ሳንቲሙ ያለፈውን አያስታውስም። የመጀመሪያው ልጅ ስለወረሰ ሁለተኛው ይድናል ማለት አይደለም፤ ጻድቅ ልጅን ዘሎ አመፀኛውን አይመርጥም። ከዚህም በላይ ከአራት ሕሙማን በአንዱ ገደማ ከወላጆቹ ማንም ሕመሙ የለበትም፤ ለውጡ በእርሱ ይጀምራል። በእንዲህ ያለ ቤት የአያትን ኃጢአት የሚፈልግ ሰው በሌለ ጉድጓድ ውስጥ ውኃ ይቀዳል።

ደቀ መዛሙርቱም በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ላይ ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው ይህንኑ ጠይቀዋል። ኃጢአቱ የእርሱ ነው ወይስ የወላጆቹ? ጌታ ሁለቱንም አልተቀበለም። ነቢዩ ሕዝቅኤልም በምዕራፍ 18 አባቶች ለበሉት ልጆች ይከፍላሉ የሚል ይዘት የነበረውን የሕዝቡን ተረት ከአፋቸው ነጥቋል። እንግዲህ ይህ ሕመም ያለብህ ወንድሜ፣ ያለብሽ እኅቴ፣ አላጠፋችሁም። እናታችሁም አላጠፋችም።

ጥፋትና አደራ

ብዙዎቻችን እዚህ ላይ እናቆማለን። «ጥፋት የለብኝም፤ ስለዚህ የሚጠበቅብኝ ነገር የለም» እንላለን። ሁለተኛው ሐሳብ ግን ከመጀመሪያው አይከተልም።

በክረምት በአዲስ አበባ መንገድ የሄደ ሰው ይህን አይቷል። የፍሳሽ ቱቦው ክዳን ተነሥቶ ጉድጓዱ አፉን ከፍቷል፤ ጎርፍ ሲሞላው ደግሞ አይታይም። አንድ ሰው ይመጣና ቅርንጫፍ ይተክልበታል። ይህ ሰው ጉድጓዱን አልቆፈረውም፤ ክዳኑንም አልወሰደም። የመንገድ ሠራተኛ አይደለም። ቅርንጫፉን የተከለው ስላየ ብቻ ነው። አይቶ ዝም ብሎ ቢያልፍና ከኋላው የመጣ ልጅ ቢገባበትስ? ማንም «አንተ ቆፈርከው» አይለውም። እርሱ ግን ሌሊት እንቅልፍ አይወስደውም፤ ባይወስደውም ልክ ነው።

ቋንቋችን ለዚህ ነገር የሚሆን ቃል አለው፤ አደራ። አደራ የጥፋት ልጅ አይደለም። ጎረቤት ሲሄድ ቁልፉን ይሰጥሃል፤ አልጠየቅከውም፤ ግን ከእጅህ ገብቷል። ጥፋት ወደ ኋላ ያያል፤ ማን አደረገው ይላል። አደራ ወደ ፊት ያያል፤ አሁን በማን እጅ ነው ይላል። በውርስ የመጣ ሕመም ጥፋት የሌለበት አደራ ነው። በዚያ ሕመም ዙሪያ ያለው ዕውቀት እጃችን ከገባ በኋላ ከኋላችን የሚመጡ ሰዎች አሉ።

«ባላውቅ ይሻለኛል»

«ያላዩት አገር አይናፍቅም» የሚል መልስ ሊመጣ ይችላል። ሳያውቁ በሰላም መኖር በየቀኑ ሞትን ከማሰብ አይሻልም? ይህን መልስ በፍርሃት ብቻ አንቁጠረው። ምንም የማይደረግላቸው የውርስ ሕመሞች አሉ፤ በእነዚያ ላይ አንድ ሰው አለማወቅን ቢመርጥ የምፈርድበት አይደለሁም። ማርፋን ግን ከእነዚያ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1972 በወጣ ጥናት ማርፋን ያለባቸው ሰዎች በአማካይ የሚሞቱት በ32 ዓመታቸው ነበር። ዛሬ በጊዜ የታወቀላቸውና ክትትል ያላቸው ብዙዎች ሰባዎቹን ያያሉ። ዘረ መሉን ያስተካከለ ማንም የለም። ለውጡን ያመጡት የልብ አልትራሳውንድ፣ የደም ግፊትንና የልብ ምትን ግፊት የሚቀንስ መድኃኒት፣ ቧንቧው ከመቀደዱ በፊት የሚደረግ ቀዶ ሕክምናና ከከባድ ሸክምና ከግጭት ስፖርት መራቅ ናቸው። እነዚህ ሁሉ የሚጀምሩት ከማወቅ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚባለው እዚህ ቦታ በቁጥር ይታያል።

ፍሎ ሃይማን በዘመኗ ከዓለም ታላላቅ የመረብ ኳስ ተጫዋቾች አንዷ ነበረች። ቁመቷ 1 ሜትር ከ96፤ እ.ኤ.አ. በ1984 በሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ ከአሜሪካ ቡድን ጋር የብር ሜዳሊያ አገኘች። በጥር 1986 ጃፓን ውስጥ ማትሱዌ ከተማ በጨዋታ መካከል ተቀይራ ከወጣች በኋላ ከአግዳሚው ላይ ወደቀች፤ አልተነሣችም። ዕድሜዋ 31 ነበር። መጀመሪያ የልብ ድካም መሰላቸው። አስከሬኗ ሲመረመር አኦርታዋ መቀደዱና ምክንያቱም ማርፋን መሆኑ ታወቀ። ያ ቁመት፣ እነዚያ ረጃጅም እጆች፣ ሁሉ ያጨበጨበላቸው ምልክቶች ነበሩ። ከዚያ በኋላ ወንድሟ ተመረመረ፤ ያው ሕመም ተገኘበትና ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። የእኅቱ ሞት የእርሱ ማስጠንቀቂያ ሆነ። ማስጠንቀቂያው በሞት ሳይሆን በቃል ሊመጣ ይችል እንደሆነ አስቡት።

ማወቅ ግን ዋጋ እንዳለውም አንደብቅ። በ2014 አይዛያ ኦስቲን የተባለ የቤይለር ዩኒቨርሲቲ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ወደ ታላቁ የአሜሪካ ሊግ ሊመለመል ቀናት ሲቀሩት በጤና ምርመራ ማርፋን እንዳለበት ተነገረው። ከልጅነቱ ጀምሮ የሠራለት ነገር በአንድ ሳምንት ቆመ። በምልመላው ምሽት የሊጉ ኃላፊ ለክብር ስሙን ጠሩት፤ አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበለት። ከሁለት ዓመት በላይ ቆይቶ ሐኪሞች ፈቅደውለት ከአገሩ ውጭ ተጫውቷል፤ ይህ ለሁሉም የሚሰጥ ፈቃድ አይደለም። በዚያ ሳምንት ግን የሚያውቀው ሕልሙ እንደተወሰደ ብቻ ነበር። እውነት ሁልጊዜ እየሳቀ አይመጣም። በሕይወት ያለ ሰው ግን ሌላ ሕልም ማለም ይችላል።

ማወቅ በትንሹም ነገር ይጠቅማል። ብዙዎቻችን ለተቅማጥ ወይም ለሽንት ቧንቧ ሕመም ከመድኃኒት ቤት ሲፕሮፍሎክሳሲን እንገዛለን። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2018 መጨረሻ የዚህ ዓይነት መድኃኒቶች አኦርታ የመቀደድ አደጋን እንደሚጨምሩና ማርፋን ላለባቸው ሌላ አማራጭ ካለ እንዳይሰጡ አስጠንቅቋል። ስሙን የማያውቅ ሕመምተኛ ይህን ለፋርማሲስቱ ሊነግር አይችልም።

ለማን ይነገር?

«ሰውነቱ የእኔ ነው፤ ምሥጢሩም የእኔ ነው» ትሉ ይሆናል። ግማሹ እውነት ነው። ሰውነቴ የእኔ ነው፤ ዘረ መሌን ግን ከወንድሜና ከእኅቴ ጋር እካፈለዋለሁ። ስለዚህ ይህ ምሥጢር የእኔ ብቻ አይደለም። በመጀመሪያ ሊያውቁ የሚገባቸው ወላጆች፣ ወንድሞችና እኅቶች፣ ልጆች ናቸው። እነርሱ ሊመረመሩ ይገባል፤ ካልነገርናቸው ደግሞ ለምን እንደሚመረመሩ አያውቁም።

ሁለተኛው የምታገቡት ሰው ነው። በአገራችን ለጋብቻ ሰባት ቤት ይቆጠራል፤ ሽማግሌ ተልኮ ዘር ይጠየቃል። ሰባት ቤት እየቆጠርን በቤታችን ውስጥ ማን በወጣትነቱ ድንገት እንደወደቀ አንነጋገርም። ነገሩ የሚነገረው ቀለበት ከመታሰሩ በፊት ነው። በተለይ ለእኅቶች ይህ ከባድ ጉዳይ ነው፤ እርግዝና የሰፋ አኦርታን ለከፋ አደጋ ስለሚያጋልጥ ከማርገዝ በፊት ከሐኪም ጋር መምከር ያስፈልጋል። የተነገረው ሰው ሊሄድ ይችላል። አይሄድም ብዬ አላታልላችሁም። ተደብቆ የተገኘ እሺታ ግን ለእናንተ የተሰጠ አይደለም፤ እናንተን ላልሆነ ሰው ነው የተሰጠው። «ልጅ መውለድስ ይገባል?» የሚለውን ጥያቄ ሁለቱ በእውቀትና በጸሎት ይመልሱት፤ ሽማግሌም ሆነ አስተማሪ አይመልስላቸውም። ማርፋን ያለበት ሕይወት ግን ባይኖር የሚሻል ሕይወት ነው ብሎ ማንም እንዳይነግራቸው።

ሦስተኛው በአካላችሁ ላይ ኃላፊነት ያለበት ሰው ነው፦ አሠልጣኝ፣ የስፖርት አስተማሪ፣ ሐኪም።

ከእነዚህ ውጭ ያለው ሰው የማወቅ መብት የለውም። ይህንንም አጥብቄ እላለሁ፤ ምክንያቱም በመካከላችን «ለጸሎት ርዕስ» ተብሎ የተነገረ የሰው ገመና በሦስተኛው ቀን በየቤቱ ቡና ላይ ይገኛል። የሰውን ሕመም ያለ ፈቃዱ ለጸሎት ቡድን መንገር ሐሜት ነው፤ ዓይን ጨፍኖ መነገሩ ስሙን አይለውጠውም።

ጸሎትና ኪኒን

ጌታ ይፈውሳል ብለን እናምናለን፤ እንጸልያለንም። ግን አንድ ወጣት ተጸልዮለት «ተፈውሰሃል፤ መድኃኒቱን ጣል» ሲባል ምን ይከተላል? የሰፋ አኦርታ እንደማያምም ከላይ አይተናል። ስለዚህ «አሁን ምንም አይሰማኝም» የሚለው ምስክርነት በዚህ ሕመም ላይ ምንም አይመሰክርም፤ ቀድሞም አይሰማውም ነበርና። ጌታ አሥሩን ለምጻሞች ለካህናት ራሳቸውን እንዲያሳዩ ልኳቸዋል። ካህኑ በዘመኑ የሚመረምረው ሰው ነበር። እውነተኛ ፈውስ ምርመራ አይፈራም፤ የልብ አልትራሳውንዱ ይመሰክርለታል። እስከዚያ ድረስ ኪኒኑን መዋጥ የእምነት ጉድለት አይደለም። ያልዳነውንም ሰው «እምነት አጣህ» ብሎ መክሰስ ከጀርባ በር የ«ማን አጠፋ»ን ጥያቄ መልሶ ማስገባት ነው።

ከእኛ የሚጠበቀው

እስካሁን የተናገርኩት ሕመሙ ላለበት ነው። አደራው ግን በእርሱ ትከሻ ላይ ብቻ ከቀረ ኢፍትሐዊ ነው። ሰው እውነቱን የሚናገረው ሲናገር የማይጎዳበት ቦታ ሲኖር ነው። እኛ እንዲህ ያለ ቦታ ነን?

ከአምልኮ በኋላ ሁሉም ሞንታርቦና አግዳሚ ሲያነሣ አንድ ረጅም ልጅ ዳር ቆሞ ታያላችሁ። «ቁመት ብቻ!» ይባላል። «ቀውላላ» የሚል ቅጽል ይወጣለታል። ሐኪሙ ከባድ ነገር እንዳያነሣ ከልክሎት ሊሆን ይችላል። ጓደኛው መገጣጠሚያዋ በየጊዜው ስለሚወልቅ ቆማ መዘመር ያቃታት ልትሆን ትችላለች፤ ከማርፋን ሌላ እንዲህ የሚያደርጉ የአያያዥ ሕብረ ሕዋስ ሕመሞች አሉ። ጥሩ ወንድም ማስረጃ አይጠይቅም። «አልችልም» ያለውን ሰው ያምናል፤ የሚችለውን ሌላ ሥራ ይሰጠዋል፤ ወሬውን እዚያው ያቆመዋል። አንዳንድ ጊዜ ሰነፍን አምነን እንታለል ይሆናል። ሕመምተኛን ሰነፍ ብለን ከምንገድለው ያ ኪሣራ ይቀላል።

ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆላስይስና ለኤፌሶን ሰዎች ሲጽፍ የክርስቶስ አካል በመገጣጠሚያና በማሠሪያ ተያይዞ እንደሚያድግ ያስተምራል። ስለ እጅና ስለ ዓይን ብዙ ሰብከናል፤ ስለ ማሠሪያው ግን እምብዛም። ማሠሪያ አይታይም፤ ሲላላ ግን ሁሉም ይታመማል። ሰውነቱ ውስጥ ያለው ማሠሪያ የላላበት ወንድም በእኛ መካከል ያለው ማሠሪያ ጠብቆ ሊያገኘው ይገባል። ምርመራ ሲሄድ አብሮት የሚሄድ፣ የመድኃኒቱን ወጪ በዝምታ የሚያዋጣ፣ ለወንድሞቹ ሊነግር ሲፈራ አጠገቡ የሚቀመጥ ሰው ማሠሪያ ነው።

በዚህ ሳምንት አንድ ነገር አድርጉ። አያታችሁን ወይም አክስታችሁን ቡና አፍሉላቸውና ጠይቁ፦ በቤታችን በወጣትነቱ ድንገት የሞተ አለ? ዓይኑን፣ ልቡን ይታመም የነበረ አለ? የሚሉትን ጻፉት። የምትሰሙት ነገር ካሳሰባችሁ ለሐኪም ውሰዱት። የቀረውን በቡድናችሁ ተወያዩበት።

1. ጥፋት ሳይኖርብን ኃላፊነት ያለብንን ሌላ ነገር ከሕይወታችን ጥቀሱ።

2. ለምትወዱት ሰው የውርስ ሕመማችሁን ብትነግሩት ሊሄድ እንደሚችል ብታውቁ፣ መቼና እንዴት ትነግሩታላችሁ?

3. በእኛ ሕብረት ውስጥ አንድ ወጣት ሕመሙን ለመናገር የሚፈራው ለምንድን ነው? ፍርሃቱን ለመቀነስ እኛ ራሳችን ምን መተው አለብን?